ቻይልድ ቤኔፊቱን ከምትመልስ ፔንሽንህ ላይ ጨምር

ወንድሜ፣ «እንግሊዝ ነው የምኖረው፣ 66 ሺህ ፓውንድ አገኛለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ፔንሽን ላይ ብጨምር ቻይልድ ቤኔፊቱን (መንግሥት ለልጆች የሚከፍለውን ድጎማ) መመለስ ይቀርልኛል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ይቀርልሃል። ማጭበርበር እንዳይመስልህ፣ ሕጉ ራሱ የሚፈቅደው ነው።

የሚታየው ፔንሽን ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ገቢህ ነው። ከ60 ሺህ በላይ በየ200 ፓውንዱ ከቤኔፊቱ 1 በመቶ ይመለሳል፤ 80 ሺህ ላይ ሁሉም ይሄዳል። ያንተ 30 በመቶ ነው፤ በ2025/26 የግብር ዓመት ሂሳብ 675 ፓውንድ ገደማ።

አሁን የግል ፔንሽንህ ውስጥ 4,800 ብትከት፣ የፔንሽን ድርጅቱ ከመንግሥት 1,200 ተቀብሎ ስለሚጨምርበት 6,000 ሆኖ ይቆጠራል። ገቢህ 60 ሺህ ላይ ያርፋል፣ 675ቱም ቀረልህ። የ40 በመቶ ግብር ከፋይ ስለሆንክ ደግሞ ሌላ 1,200 ይመለስልሃል፤ ግን ግብር ቢሮውን ካልጠየቅክ ዝም ብሎ አይመጣም፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሷን ነው። ስትደማምረው ለ6,000 ፔንሽን ከኪስህ የወጣው 2,925 ብቻ ነው። እኔ ብሆን አላመነታም።

መጀመሪያ ግን ፔይስሊፕህን እይ። መሥሪያ ቤትህ ፔንሽኑን ከግብር በፊት እየቆረጠ ከሆነ 66 ሺህ ያልከው ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ባለቤትህ ካንተ በላይ ካገኘች የሚታየው የሷ ገቢ ነው። ገንዘቡ 55 ዓመት (ከኤፕሪል 2028 ጀምሮ 57) እስኪሞላህ እንደማይነካ አትርሳ፣ ለቤት መግዣ ያሰብከውን እዚያ አትቆልፈው። እና የግብር ዓመቱ ከሚያልቅበት ከኤፕሪል 5 በፊት ይግባ።