ለአዲሷ እህታችን፦ ከ«እንኳን ደህና መጣሽ» በኋላ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። ሐዋሳ ነሽ፣ አጫጭር ልብ ወለድ ትጽፊያለሽ፣ እዚህ የቴሌግራም ግሩፓችን ከገባሽ ጀምሮ ዝም ብለሽ ታነቢያለሽ። «ራሴን እንዴት ላስተዋውቅ? ብለጥፍ ማን ያነብልኛል? ቢሰረቅብኝስ?» ነው ያልሽው።

እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። እዚህ ቤት ብዙ ሰው ሲገባም ሲወጣም አይቻለሁ። አብዛኞቹ የሚወጡት ተሰድበው አይደለም። «ዋው»፣ «ምርጥ ብዕር» ተብለው፣ አበባና ልብ ተደርድሮላቸው፣ ግን ማንም ሳያነብላቸው ነው። የጻፈ ሰው ደግሞ መነበብ አለመነበቡን ያውቃል።

ስለዚህ ራስሽን በሕይወት ታሪክ አታስተዋውቂ። «ከልጅነቴ ጀምሮ መጻፍ እወዳለሁ» ሁሉም ይላል፣ ማንም አያስታውሰውም። ይልቅ የሌላ ሰው ጽሑፍ አንብቢና አንድ ነገር በይ። አንድ ብቻ፣ ግን ከጽሑፉ ውስጥ የወጣ።

አንድ ልጅ አሞራ ገደል፣ እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ስለምትሸጥ ሴት ጽፎ ነበር። ጀልባው፣ መረቡ፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ ሁሉም አለ። መጨረሻውን ግን «በጣም አዘነች» ብሎ ዘጋው። አድናቆቱ ሲጎርፍ፣ ከዚያ በፊት ቃል ተንፍሳ የማታውቅ አዲስ ልጅ «ስታዝን እጇ ምን እየሠራ ነበር?» ብላ ጠየቀች። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ልጁ አሻሽሎት መጣ። ሴትዮዋ ገዢ ያጣውን ቆሮሶ ዓሣ ፊሌቶ ማውጣት ትጀምርና መሀል ላይ ቢላዋውን ታስቀምጣለች። ማዘኗን የሚናገር ቃል የለም። ያቺን ልጅ ከዚያ ወዲህ የማያውቃት የለም። የራሷን ስትለጥፍም ቀድሞ ያነበበላት እሱ ነው።

ግጥም ሲለጠፍም «እኔ ገጣሚ አይደለሁም» ብለሽ አትለፊ። ጮክ ብለሽ አንብቢው። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት የተጻፈ ከሆነ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። የሆነ ቦታ ምላስሽ ከተደናቀፈ ያንን ቦታ ለገጣሚው ንገሪው፤ ከሙገሳ ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል።

ስትለጥፊ አጭሩን አስቀድሚ። ከ4,096 ፊደል ካለፈ ቴሌግራም ራሱ ከፋፍሎ ይልከዋል፣ አንባቢም እዚያው ይጠፋል። በፒዲኤፍ አትላኪ፣ ዳታ የሚቆጥብ ሰው አይከፍተውም። ከሥሩ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ጨምሪ፦ «መጨረሻው ቀድሞ ታወቀባችሁ?» ዓይነት። «እንዴት ነው?» ካልሽ «አሪፍ ነው» ተብለሽ ትቀሪያለሽ። መልስ ቢዘገይም ቶሎ አታጥፊው። እዚህ ከቀናት በኋላ የሚያነብ ብዙ ነው።

ስርቆቱን በተመለከተ ስጋትሽ ልክ ነው። ስም ቆርጦ በራሱ ቻናል የሚለጥፍ አይጠፋም። ሕጉ ግን ካንቺ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራሽ ጥበቃ የሚሰጠው ምዝገባ ሳይጠይቅ ነው። የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት እስካለሽና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አንቺ ረቂቆችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ፣ ስምሽንም ከጽሑፉ ጋር ጻፊ። ለውድድር ያሰብሽውን ግን እዚህ አታውጪው። «ከዚህ በፊት ያልታተመ» የሚል መስፈርት ያለው ውድድር ብዙ ነው።

ነባሮች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ልጅቷ ስትለጥፍ አበባው ይቆይና አንድ አንቀጽ በደንብ አንብቡላት። የወደዳችሁትን ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ መልሱላት። ያልገባችሁንም ጠይቋት፣ አትፍረዱባት።

እህቴ፣ በአካል የምንገናኝበት ቀንና ቦታ ሲወሰን እዚሁ ይለጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ነው። የሚነበብ ባይኖርሽም ነይ።