ኅብረቱን ከመሰናበትሽ በፊት ንብረት ክፍሉን ተሰናበቺ

እህቴ፣ የተማሪዎች ኅብረት ጸሐፊ ሆነሽ ሳለ በጤና ምክንያት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ዝውውር ተፈቅዶልሻል፤ ኅብረቱን እንዴት ተሰናብተሽ እንደምትወጪ ነው የጠየቅሽው። እኔም በዚሁ መንገድ ነው የወጣሁት። ካቢኔ ውስጥ የካፌ ጉዳይ ተጠሪ ነበርኩ። የኩላሊት ክትትሌ አዲስ አበባ ስለነበር በሜዲካል ቦርድ፣ ማለትም በሐኪሞች ቦርድ፣ ወረቀት ተዛወርኩ። ስለ ቦርዱና ስለ ሬጅስትራሩ አላወራም፣ ዝውውሩ እጅሽ ገብቷል።

1. መልቀቂያሽን በጽሑፍ አድርጊው። ለፕሬዝዳንቱ ጻፊ፣ ግልባጭ ለተማሪዎች ዲን። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይውጣለት። «ስብሰባ ላይ ነግሬያቸዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። ነገ ፕሬዝዳንቱ ተመርቆ ሲሄድ ማን ይመሰክርልሻል?

2. በስምሽ የወጣ ንብረት ካለ ክሊራንስ (ከየክፍሉ ዕዳ እንደሌለብሽ የምታስፈርሚበትን ቅጽ) ሳትጀምሪ መልሺ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን ያንገላታኝ ይሄ ነው።

ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ብለን ከንብረት ክፍል ሜጋፎን አውጥተን ነበር። ሞዴል 22ቱ ላይ፣ ማለትም የንብረት ወጪ ቅጹ ላይ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ክሊራንሱን ቤተ መጻሕፍት ፈረመ፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሩ ፈረመ፣ ካፌ ፈረመ። ንብረት ክፍል ስደርስ ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «በስምህ ሜጋፎን አለ» አለኝ። ኅብረቱ ቢሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል አልኩት። «እዚያ መሰቀሉን አላውቅም፣ እዚህ ያለው ያንተ ስም ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ሮጬ አመጣሁለት። አገላብጦ አየውና «የባትሪ ክዳን የለውም፣ ሙሉ አይደለም፣ አልረከብም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ለምኜው ነበር። እንደ አባት ቆጥሬ «ጋሼ፣ ምዝገባ ሊያልፍብኝ ነው» ስለው «እኔ ነኝ ተዛወር ያልኩህ?» አለኝ። ዲን ቢሮ ስሄድ ወደ እሱ መለሱኝ፣ እሱ ደግሞ ርክክብ ኮሚቴ ይታይ አለ፣ ኮሚቴው ደግሞ ፋሲካ ደርሷል ብሎ ተበትኗል።

ያዳነኝ የራሴ ጥንቃቄ ነው፣ ይሄን ስናገር አላፍርም። ሜጋፎኑን ስረከብ ሞዴል 22ቱ ላይ «የባትሪ ክዳን የሌለው» ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌ አስፈርሜው ነበር። ያኔ ካቢኔው በሙሉ ሲስቅብኝ ነበር፣ ኦዲተር ብለው ስም ሁሉ አውጥተውልኝ። ቅጂዬን ከሻንጣ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ሰውዬው የራሱን ፊርማ አየ፣ ዝም ብሎ ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙን፣ ቆረጠልኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እኔ ግን አዲሱ ግቢ በቅጣት ነው የተመዘገብኩት።

ስለዚህ ሞዴል 19ሽን እንዳትጥዪ። እኔ ከሄድኩ በኋላ እንኳ «ሜጋፎኑ የታለ» ተብሎ ተደውሎልኛል። የሞዴል 19ኙን ፎቶ ላክሁ፣ ከዚያ በኋላ የደወለልኝ የለም።

3. ሂሳብ። ለዝግጅት ቅድሚያ ክፍያ ወስደሽ ከሆነ ደረሰኝሽን አስገብተሽ አወራርጂ፣ ከዚያ ለተማሪ ተወካዮች አጭር ሪፖርት አንብቢላቸው። ሰው ድንገት ሲጠፋ የእኛ ግቢ የሚያወራው አንድ ወሬ ነው፣ «በልቶ ነው የሸሸው»። እኔ ሪፖርቱን አንብቤ ወጥቼም ተወርቶብኛል፤ ቢያንስ ጓደኞቼ የሚመልሱት ነበራቸው።

መሰናበቱን በተመለከተ፣ ካቢኔው ኬክ ቆርሶ ፎቶ ተነስቶ አለቀ። ከልቤ የተሰናበትኳቸው ወጥ ቤት ያሉትን እናቶች ነው። ሽሮው ቀጠነ እያልኩ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። አንዷ ጭልፋዋን እንደያዘች ስማኝ «በል ሂድ፣ አሁን ገና ደስ እንዳለን እናቀጥነዋለን» አለችኝ።

4. ይሄ ላንቺ ለጸሐፊዋ ነው። የኅብረቱ የቴሌግራም ቻናል ባለቤትነት በስልክሽ ከሆነ ዛሬውኑ ባለ ሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል አብሪ። ካበራሽ ሰባት ቀን ሳይሞላ ቴሌግራም ባለቤትነቱን ለሌላ ሰው አያስተላልፍልሽም። አድሚን አድርጌያቸዋለሁ ብለሽ እንዳትተዪው፣ ባለቤቷ አንቺው እንደሆንሽ ትቀሪያለሽ፣ ነገ ግቢው ሲረበሽ የሚፈለገው ያንቺ ስልክ ነው።

5. በስብሰባ ምክንያት ያመለጠሽ ፈተና ካለ ሜካፑን (የማካካሻ ፈተናውን) እዚያው ተፈተኚና ኢንኮምፕሊቱን፣ ያልተሟላ የሚለውን ውጤት፣ አስነሺ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ተራሽ ሲደርስ ያልተዘጋ ኮርስ ይዘሽ አትቀመጪም። የአገልግሎት ምስክር ወረቀትሽንም ማህተም አስደርገሽ ያዢ። በሚቀጥለው ዓመት ካቢኔው ሲቀየር የሚያውቅሽ አይኖርም።

የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ቅጂ አሁንም አለኝ። ከፈለግሽው በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስሙን ብቻ ቀይረሽ ትጠቀሚበታለሽ።