አደራ የተቀበልኩት ዲስክ ጠቅ ጠቅ ይላል

ጤና ይስጥልኝ፤

የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እቤቴ ሆኜ የሰው ፋይል ባክአፕ ማድረግ ጀመርኩ። ዓርብ ዓርብ በባጃጅ እየዞርኩ የየደንበኛውን ፋይል በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። ዲስኩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ስምና ቀን እጽፍበታለሁ፤ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። አሁን 11 ደንበኞች አሉኝ። ሁለቱ ፎቶ ቤቶች ናቸው፣ አንዱ ክሊኒክ ነው፣ የቀሩት ሱቆችና ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የቤት ኪራዬን የምከፍለው ከዚህ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ደንበኛዬን ኮምፒውተር ቫይረስ አበላሸው። «አንቺ ጋ አለ አይደል?» አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። የፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው) ፋይላቸውን ልመልስ ስል አልከፈት አለ። ያለፈውን ሳምንት ሞከርኩ፤ እሱም እንቢ አለ። ወደ ኋላ ስሄድ ስሄድ፣ የሚሠራው ከአራት ወር በፊት የወሰድኩት ብቻ ሆነ። ደግነቱ ደረሰኞቻቸውን ካርቶን ውስጥ ያስቀምጣሉ። እኔና ልጃቸው ዘጠኝ ምሽት አምሽተን አንድ በአንድ አስገባናቸው። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። እንዲያውም «አንቺ ባትኖሪ ሁሉንም ነበር የማጣው» ብለው መረቁኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ምርቃታቸው ነው።

ከዚያ የሌሎቹን ማየት ጀመርኩ። የአንዱ ፎቶ ቤት ዲስክ ሲሰካ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ባለፈው ጥር የተቀረፁ ሰርጎች ያሉበት ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን «አንቺ ጋ ስላለ ከኔ ላይ አጥፍቼዋለሁ፤ ቦታ ጠቦኝ ነበር» ብሎኛል። ወንድሜ «ዝም ብለሽ አስተካክዪ፤ ካወራሽ ገበያሽ ተዘጋ» ይለኛል። እኔ ግን በፎቶ ቤቱ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ልንገረው ወይስ ሥራውን ልተወው?

የአቶቴዋ

እህቴ፤

ንገሪው። ዛሬውኑ ንገሪው።

ይህን የምልሽ ስለ ሐቀኝነት ብቻ ብዬ አይደለም። ፋይል ከሃርድ ዲስክ ላይ ሲጠፋ ወዲያው ድራሹ አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ቦታውን «ባዶ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የድሮው እዚያው ይቆያል። ፎቶ ቤቱ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ሰርግ ይጭንበታል። አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር የጥር ወር ሙሽሮች እየተሸፈኑ ነው። ዛሬ ከሰማ ግን ኮምፒውተሩን ያቆመዋል፤ በፋይል ማዳኛ ፕሮግራም መሞከር ይቻላል። የኮምፒውተሩ ዲስክ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዓይነት) ከሆነ ተስፋው ጠባብ ነው፤ ቢሆንም መሞከር አለበት። ገና ፎርማት ያልተደረጉ (ያልጸዱ) የካሜራ ካርዶች ሊኖሩትም ይችላሉ። ኤዲት የሚሠራለት ልጅ ጋ የቀረ ነገር ይኖራል። ለሙሽሮቹ በፍላሽ የተሰጠውም አለ። እነዚህን ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው፤ አንቺ ብቻሽን ልታገኚያቸው አትችዪም።

ዲስኩን ደግሞ ከእንግዲህ እንዳትሰኪው። ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የማንበቢያው ክንድ ቦታውን ሲስት ነው። በተሰካ ቁጥር ፋይሉ ያለበትን ሳህን ሊቧጭረው ይችላል። «ልክፈተው» የሚልሽም ይኖራል፤ እንዳትሰጪው። ለዚህ የሚሆን መሣሪያና አቧራ የማይገባበት ንጹሕ ክፍል ያለው ባለሙያ ብቻ ነው የሚነካው። ዋጋው ውድ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ቢያንስ ግማሹን አንቺ ቻዪ፤ እሱ ሳይጠይቅሽ አንቺ አንሺው።

በስልክ ወይም በቴሌግራም እንዳትነግሪው። ሄደሽ ንገሪው። «ዲስኩ ተበላሽቷል፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም፤ ኮምፒውተርህ ላይ ምንም አትጫን» በይው። ሰበብ አትደርድሪ። ሊጮህብሽ ይችላል። ይጩህ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልምጣ፤ ምርቃታቸው ለምን እንዳስጨነቀሽ የገባኝ ይመስለኛል። እሳቸውን ያዳናቸው ያንቺ ዲስክ ብቻ አይደለም። ካርቶኑም ነው። ካርቶኑ ሌላ ቅጂ ነበር፤ ያውም በሌላ ዓይነት ነገር ላይ የተጻፈ። ቫይረስ አይደርስበትም፣ መብራት ሄደ መጣ አይነካውም። ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ያስለመደው ደንብ አለ፤ በቁጥር 3-2-1 ይሉታል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ፎቶ ቤቱን በዚህ ለኪው። ስንት ቅጂ ነበረው? አንድ። እሱ የራሱን ባጠፋበት ቀን አንቺ ጋ ያለው ባክአፕ መሆኑ ቀረ፤ ዋናው ሆነ። ያን ቀን አንቺም ልታስቆሚው ይገባ ነበር። ይህን ይዘሽ ለሁሉም ደንበኞችሽ አጭር ውል ጻፊ፦ እኔ ጋ ያለው ቅጂ ነው፤ የእናንተን አታጥፉ።

የፒችትሪው ፋይል አልከፈት ያለበት ምክንያት ብዬ የምገምተው፣ ሱቁ ሥራ ላይ እያለ ፎልደሩን እንዳለ መገልበጥሽ ነው። የተከፈተ ዳታ ሲገለበጥ ግማሹ የዱሮ ግማሹ የአሁን ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይዘጋ፤ ከዚያ በራሱ በፒችትሪ ባክአፕ አድርጊ። ቤትሽ ስትገቢ ደግሞ በራስሽ ኮምፒውተር ላይ እንደ አዲስ ድርጅት አድርገሽ መልሺው፤ ነባሩ ላይ እንዳትመልሺ። ተከፍቶ የመጨረሻውን ሽያጭ ቀን ሳታዪ ፕላስተር አትለጥፊ። ይህን ለ11ዱም ደንበኛ አድርጊ። ፎቶ ከሆነ ከየፎልደሩ ጥቂቱን ክፈቺ፤ ቪዲዮ ከሆነ መሐሉንና መጨረሻውን አጫውቺ። እስክትጨርሺ አዲስ ደንበኛ አትቀበዪ።

ቁም ሣጥኑም ያሳስበኛል። ሌባ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሳ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የሒሳብ ፋይል ትንሽ ስለሆነ በፓስወርድ ቆልፈሽ ኢንተርኔት ላይ ጫኚው። ሰርግ ግን አይሆንም፦ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 1 ቴራባይት ሌት ተቀን ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል። ለእሱ ሁለተኛ ዲስክ ገዝተሽ ወንድምሽ ቤት አስቀምጪ። የዲስኩን ዋጋ ወርሃዊ ክፍያሽ ላይ ጨምሪ።

ክሊኒኩን በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተካክዪ። የሕመምተኛ መረጃ ባጃጅ ውስጥ ሳይቆለፍ መዞር የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ነው። ቬራክሪፕት የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይቆልፍልሻል። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፈሽ፣ በፖስታ አሽገሽ ለክሊኒኩ ኃላፊ ስጪ።

ሥራውን አትተዪ። ማንም ሳያዝሽ ቁም ሣጥኑን ከፍተሽ ዲስኮቹን አንድ በአንድ የሰካሽው አንቺ ነሽ። እኔ የራሴን ፎቶዎች የምሰጠው እንዲህ ለሚያደርግ ሰው ነው።

አሁን ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢና ሂጂ። የሆነውን ጻፊልኝ።