«ተርሚናል ኢለይቲስ» የበሽታ ስም ነው?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለአራት ወራት ያህል ከእምብርቴ በታች በስተቀኝ በኩል፣ ምግብ ከበላሁ በኋላ የሚብስ ቁርጠት አለብኝ። አልፎ አልፎ ያስቀምጠኛል፣ ሌሊት ያልበኛል፣ 7 ኪሎም ቀንሻለሁ። በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ) ከታየሁ በኋላ የተሰጠኝ ወረቀት «ተርሚናል ኢለይቲስ፣ የኢሊዮሲካል ቫልቭ መወፈር፣ ናሙና ተወስዷል» ይላል። አንድ ሐኪም የአንጀት ቲቢ ሊሆን ይችላል አሉኝ፤ ሌላው ደግሞ ክሮንስ ነው ብለው ፕሬድኒሶሎን አዘዙልኝ። መድኃኒቱን ልጀምር? ኦፕራሲዮን ከሆነስ አንጀቴ በሆዴ ላይ ይወጣል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት የሚያስፈሩትን ያህል ብዙ ነገር አይናገሩም። ትንሹ አንጀት ከጨጓራ ሥር በዱዮደነም ይጀምርና በጄጁነም አልፎ በኢሊየም ያበቃል፤ ኢሊየም ከሦስቱ ረጅሙ ሲሆን 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። «ተርሚናል» የተባለው ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኘው መጨረሻው ነው። በመገናኛው ላይ ያለው በር ኢሊዮሲካል ቫልቭ ይባላል፤ ትርፍ አንጀትም የሚገኘው እዚያው አጠገብ ስለሆነ የዚህ ቦታ ሕመም ብዙ ጊዜ ከትርፍ አንጀት ሕመም ጋር ይምታታል። «ጋስትራይቲስ» ሲባል ጨጓራ መቆጣቱን እንደምንረዳ ሁሉ፣ «ኢለይቲስ»ም ኢሊየም መቆጣቱን ብቻ ይገልጻል። ቦታውን እንጂ ያስቆጣውን ነገር አይነግረንም።

ሁለት ተመሳሳይ ቃላት እንዳያሳስቱዎት በዚሁ ልጥቀስ። የዳሌ አጥንት አንዱ ክፍልም ኢሊየም ይባላል፤ በላቲን ፊደል በአንድ ሆሄ ቢለያዩም በእኛ ፊደል አንድ ዓይነት ስለሚጻፉ፣ በራጅ ውጤት ላይ ቃሉን አይተው አንጀታቸው የተጎዳ የሚመስላቸው አሉ። «ኢሊየስ» ደግሞ የአንጀት እንቅስቃሴ መቆምን እንጂ አንድን የአንጀት ክፍል አያመለክትም።

የኢሊየም መጨረሻ ፔየርስ ፓችስ በሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ክምችቶች የተሞላ ነው። ታይፎይድ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀትን የሚበሳው በእነዚሁ ላይ ቁስል ፈጥሮ ሲሆን፣ የአንጀት ቲቢም ከየትኛውም የአንጀት ክፍል ይልቅ በበሩ ዙሪያ መስፈር ይቀናዋል። ቲቢ ወደ አንጀት የሚገባው ከሳንባ የወጣ አክታ ሲዋጥ ወይም በደም በኩል ነው፤ የበሽታው ተሕዋስ ያለበት ጥሬ ወተትም ያስተላልፈዋል። ክሮንስ ደግሞ ከተሕዋስ ሳይሆን ከራሱ ከሰውነት የመከላከል ሥርዓት መዛባት ጋር የተያያዘ የቆየ ሕመም ነው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ዶክተር ክሮንና ባልደረቦቻቸው ሲገልጹት በኢሊየም ብቻ የሚወሰን መስሏቸው ነበር። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም እዚያው ቦታ ላይ ቁስል ስለሚያወጡ፣ ለወገብ ወይም ለራስ ምታት የሚወስዱት ካለ ለሐኪምዎ መንገር አለብዎት።

ቲቢና ክሮንስን በዓይን መለየት ለሠለጠነ ሐኪምም ከባድ ነው። በቲቢ ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ አንጀቱን እንደ ቀለበት ሲከብ፣ በክሮንስ ግን ወደ አንጀቱ ርዝመት የመሰንጠቅ ጠባይ አለው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አይብ የመሰለ ብስባሽ ከተገኘ ነገሩ ወደ ቲቢ ያጋድላል። የሌሊት ላብዎም ወደዚያው ያደላል፣ ነገር ግን አያረጋግጥም። ሳይሳል የቆየ፣ የደረት ራጁም ንጹሕ የሆነ ሰው የአንጀት ቲቢ ሊኖረው ይችላል። ናሙናው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ተሕዋስ ዘረመል በሚፈልግ መሣሪያ) ተመርምሮ ቲቢ ባይታይ እንኳ፣ በአንጀት ውስጥ ተሕዋሱ ጥቂት ስለሚሆን «የለም» ብሎ ለመደምደም አያበቃም።

ስለዚህ የፓቶሎጂው (የናሙናው የማይክሮስኮፕ ምርመራ) ውጤት ሳይመጣ ፕሬድኒሶሎኑን ባይጀምሩ እመክራለሁ። መድኃኒቱ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ክሮንስን ሲያስታግስ ቲቢን ግን ያስፋፋል፤ የሚያሳስተውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሁለቱም ሕመሞች የምግብ ፍላጎትን መልሶ የዳኑ ማስመሰሉ ነው። ጀምረውት ሳምንታት ካለፉ ግን በራስዎ ውሳኔ በድንገት እንዳያቆሙት። ሁለቱ ሐኪሞችዎ ናሙናውን፣ ሲቲ ስካኑንና የኤችአይቪ ምርመራውን አንድ ላይ ቢያዩት መልካም ነው፤ ልዩነቱ ካልጠራ፣ ቲቢ በብዛት ባለበት እንደ እኛ ባለ አገር የቲቢ መድኃኒት አስጀምሮ ከሁለት ወይም ከሦስት ወራት በኋላ በኮሎኖስኮፒ ቁስሉ መዳኑን ማየት የተለመደ አሠራር ነው። ቲቢ ከሆነ ሕክምናው በአብዛኛው 6 ወር ይፈጃል።

ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው አንጀቱ ከጠበበና ከተዘጋ ወይም ከተበሳ ነው። ሆድዎ ተነፍቶ ማስታወክ ቢጀምርዎት፣ ዓይነ ምድርና ጋዝም መውጣት ቢያቆም፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በሆድ ላይ ይወጣል የሚሉት ኢሊዮስቶሚ ነው፤ የኢሊየሙ ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል ወጥቶ ፈሳሹ በከረጢት ይጠራቀማል። ለሁሉም አይሠራም፣ ከተሠራም ብዙ ጊዜ አንጀቱ ከወራት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። በአብዛኛው የታመመው ክፍል ተቆርጦ የቀረው እርስ በርሱ ይሰፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ግን ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በዚህ ቦታ ብቻ ስለሆነ በመርፌ መውሰድ ይኖርብዎታል፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያጠራቅም ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፣ ስለዚህ ኦፕራሲዮን የሚያደርጉልዎት ሐኪም ስንት ሳንቲ ሜትር እንደቆረጡ በመውጫ ወረቀትዎ ላይ እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ።