ስልኬን ትቼ ወደ ሜዳ ብወጣ ጾም ይሆንልኛል?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቤት ስገባ ደግሞ ስልኬ ላይ ነኝ። ቲክቶኩን ልዝጋ ብዬ ስብከት እከፍታለሁ፤ ከስብከቱ ወደ ሌላ ቪዲዮ እሻገራለሁ፤ እንዲህ ስል እኩለ ሌሊት ያልፋል። ዘመነ ጽጌ ከገባ ወዲህ ግን ቅዳሜና እሑድ ስልኬን ቤት አስቀምጬ ከሰፈር ወጣ ብዬ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ማሳውን፣ የየረርን ተራራ ሳይ ልቤ ሲረጋ ይታወቀኛል። አንዲት ዘመዴ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ጊዜ ካለሽ ስብከት ስሚ» አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ሰንበት አይጾምም» አለችኝ። እውነት ይህ ጾም ነው? በዛፍና በወፍ ደስ መሰኘቴስ ከጸሎት ያርቀኛል? ውዳሴ ማርያም የምደግመውም ከስልክ ነው። የስምንት ዓመት ልጄም እንደ እኔው ሆኗል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

እኅታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ብዙ ነገር ነው የጠየቅሽው። ከዋናው ልጀምር።

ዐይን ይጾማል። ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዐቢይ ጾም ስንሰማው የኖርነው የቅዱስ ያሬድ ቃል «ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን፣ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ኅሡም» ይላል። ዐይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ማለት ነው። ከሦስቱ ቀድማ የተጠራችው ዐይን ናት። ብዙዎቻችን ግን ጾምን የምንለካው በሆድ ብቻ ነው። ሥጋና ወተቱን ትተን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሠን፣ በዚያው ሰዓት ውስጥ ዐይናችን ያላየው የለም። ማን ማንን ሰደበ፣ የማን ትዳር ፈረሰ፣ ማን ምን ገዛ። ሆዳችን ባዶ፣ ልባችን ግን ጢም ብሎ ወደ ቅዳሴ እንገባለን። ይህ ያሳዝነኛል፤ በየሳምንቱ ስለማየው።

ስልክ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እንጀራሽም በእሱ ነው፤ የታመመ ዘመድም በእሱ ይጠየቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፣ ሁሉ ግን አይጠቅምም» ካለ በኋላ፣ የተፈቀደለት ነገር እንኳ እንዳይሠለጥንበት እንደሚጠነቀቅ ይናገራል። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስልኩን አንቺ ታዥዋለሽ ወይስ እሱ ያዝሻል? «ልዝጋ ብዬ እከፍታለሁ» ያልሽው መልሱን ይዟል። ስለዚህ መተውሽ መልካም ነው። ጾም ልትዪውም ትችያለሽ።

ግን ስልክ መተው የጾሙ ግማሽ ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከሰው ስለ ወጣ ርኩስ መንፈስ ሲናገር፣ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎ፣ አጊጦ አገኘው ይላል። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ጥፋቱ የሚኖርበት አለመኖሩ ነው። ሰባት ሌሎች ይዞ ገባ። ቅዳሜን ያለ ስልክ ውለው እሑድ ማታ በእጥፍ የሚመለሱበትን ወጣቶች አውቃለሁ። ዐይናቸውን ከለከሉት እንጂ ሌላ የሚያየው አልሰጡትም። አንቺ ዐይንሽን ከስክሪኑ አንሥተሽ ወደ እግዚአብሔር የእጅ ሥራ መልሰሻል። እንዲያው ስሜትሽ መርቶሽ እንኳ ቢሆን፣ የያዝሽው መንገድ ትክክል ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ላለችሽ ዘመድሽ ደግሞ እንዲህ በያት። ይስሐቅ በልቡ ሊያሰላስል በመሸ ጊዜ ወደ ሜዳ ይወጣ ነበር፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 ላይ ተጽፏል። ጌታችን ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ ነበር። ደቀ መዛሙርቱን ለመብላት እንኳ ጊዜ እስኪያጡ ሰው ባጨናነቃቸው ጊዜም ብቻቸውን ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ አዟቸዋል። ወፎችን ተመልከቱ፣ የሜዳ አበቦችን ልብ በሉ ያለውም እሱ ነው። ልብ ማለት ደግሞ ሲያልፉ እግረ መንገድን ገልመጥ ማድረግ አይደለም፤ ቆም ብሎ ማየት ነው።

ከእኛም አገር ይምጣ ከተባለ ሩቅ አንሄድም። ሰማዩ ሲጠራ ከከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ ሆነው ሲያዩት ብቅ የሚለው ዝቋላ የማን ቦታ ነው? የጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ። ሥዕላቸውን አስቢ። አንበሶችና ነብሮች በዙሪያቸው፣ ከዐይናቸው ዕንባ የምትጠጣ ወፍ ደግሞ ፊታቸው ላይ። ጥቅምት 5 አክብረናቸው ነበር፤ ያንን ሥዕል ተሳልመን የወጣን ሰዎች ስለ ወፍና ስለ አውሬ ማሰብ እንዴት የባዕድ ልማድ ይሆንብናል? ቅዱስ ያሬድም ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተስፋ ቆርጦ በሸሸ ጊዜ፣ ያስተማረችው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያያት ትል ናት። ደጋግማ እየወደቀች ደጋግማ ወጣች፤ በመጨረሻም ደረሰች። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ባያያት ኖሮ የመጀመሪያውን መውደቋን ብቻ ይዞ ይሄድ ነበር።

ይልቁንም የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን አቆጣጠር ተመልከቺ። ክረምቱን ስትከፋፍል ዘር ትላለች፣ ደመና ትላለች፣ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል ትላለች። ከነሐሴ 11 ጀምሮ ደግሞ «ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ» ይባላል። የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዐይን። የቁራ ጫጩት በቤተ ክርስቲያን የራሷ ወቅት አላት! መዝሙረኛው ለሚጠሩት ለቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን የሚሰጥ ብሎ አምላኩን አመስግኗልና። አሁን ያለንበት ዘመነ ጽጌም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የአበባ ዘመን ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን፤ በማኅሌቱም እሷን በአበባ፣ ልጇን በፍሬ እየመሰልን ሌሊቱን እንቆማለን። ዓመቱን ሙሉ አንድ አበባ ጠጋ ብሎ ላላየ ሰው ይህ ምስጋና ቃል ብቻ ሆኖ ያልፈዋል። ስለዚህ ማሳ ዳር ቆመሽ ያየሽው የጥቅምት አበባ ከማኅሌቱ አያጣላሽም። እሑድ ሌሊት ማኅሌት ስትቆሚ ታስታውሽዋለሽ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። «ተፈጥሮ ኃይል ትሰጣለች፣ ተፈጥሮ ትፈውሳለች» የሚል አነጋገር በየቪዲዮው በዝቷል። እኛ እንዲህ አንልም። ዛፍ ፍጥረት ነው፤ እንደ እኛው የተፈጠረ። «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» የተባለው ምስጋናው ወደ እሱ እንዲሄድ ነው። ልብሽ ሲረጋ አመስጋኝ ሁኚ፤ ያረጋጋሽን እወቂው። ስትወጪ አቡነ ዘበሰማያት፣ ስትመለሺ ስለ አንድ ያየሽው ነገር ምስጋና በቂ ነው። ስለ አንዱ ብቻ። ለምሳሌ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነ ትልቅ ቁራ በከተማችን ዳርና በተራሮቹ ላይ አለ። ስታዪው ዕጓለ ቋዓትን አስቢና «የማትረሳቸው አንተ እኔንም አትርሳኝ» በዪ። ይህ ጸሎት ነው። ደስታሽ ከጸሎት አያርቅሽም፤ ወደ ጸሎት ካልተመለሰ ግን እዚያው ሜዳው ላይ ይቀራል።

«ሰንበት አይጾምም» ያለችሽ ጎረቤትሽ እውነት አላት፤ አትከራከሪያት። ከቀዳም ሥዑር፣ ማለትም ከትንሣኤ ዋዜማዋ ቅዳሜ በቀር በቅዳሜና በእሑድ እህል ሳይቀምሱ መዋል ሥርዓት አይደለም። ይህ ግን የመብል ነገር ነው። ስልክ ማስቀመጥ ሰንበትን አያፈርስም፤ እንዲያውም የሰንበት ነገሩ ዕረፍት ነው። ስለዚህ በሰንበት የምታደርጊውን «ዕረፍት» በዪው፣ ጾሙን ደግሞ ወደ ረቡዕና ዓርብ አምጪው። በእነዚያ ቀናት ሥራሽን ሥሪ፣ የተደወለልሽን አንሺ፤ ሥራ ያልሆነውን፣ ሪሉን፣ ወሬውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትክፈቺ። ከሆድሽ ጋር ዐይንሽም አብሮ ይጹም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ከቅዳሜው ይከብዳል።

የእሑዱ ጉዞም ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ቅዳሴውን ትቶ ተራራ መውጣት አይገባም፤ ዘመድሽ የፈራችው ይህን ከሆነ ልክ ናት። ስብከት ስሚ ያለችሽንም ስሚ፤ ግን ከዐውደ ምሕረት፣ ከሰው ፊት። በስልክ የሚመጣው ስብከት ለታመመና ለሩቅ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። ለአንቺ ግን ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ መሻገሪያ ድልድይ ሆኖብሻል።

ውዳሴ ማርያምን ከስልክ መድገም አልተከለከለም። ነገር ግን ግማሹ ላይ መልእክት ሲመጣ ጣትሽ የት እንደሚሄድ አንቺው ታውቂዋለሽ። የኪስ ውዳሴ ማርያም ግዢ። እስክትገዢ ዳታውን አጥፊና ድገሚ።

ደግሞ ለማንም አታውሪው። «ዛሬ ከስልክ ጾምኩ» ብሎ ማታ ፎቶ ፖስት ማድረግ ዋጋ ያሳጣል። ጌታ ስትጾሙ ለሰው እንዳትታዩ ብሏል። የምታዪውን ሁሉ ፎቶ ካላነሣሁ ማለትም ያው ስልኩን ይዞ መውጣት ነው። ከፈራሽ ጥሪ ብቻ የሚቀበል ተራ ስልክ ያዢ። ብቻሽን ራቅ አትበዪ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ በብርሃን፣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ሂዱ። የገበሬውን ማሳ አትርገጡ፤ ጤፉ ሊደርስ ነው።

ሩቅ መሄድም ግድ አይደለም። እንጦጦ ላይ የምናየው ደን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ሲብስ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። አገር በቀሉ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ ተመናምኖ ሳለ በብዙ ቦታ ተርፎ የቆየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። አባቶች የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም ብለው ስለያዙት። ሰፊ ደን ማየት ስትፈልጊ ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ጋር መናገሻ ሱባ ሂጂ። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን ይህን የጽድ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘሩን ወፍ ዋሻ ከሚባለው ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። በሌላው እሑድ ግን የደብርሽ ግቢ ይበቃል።

የልጅሽ ነገር እዚህ ላይ ይገጥማል። ስልኩን ነጥቀሽ ባዶ እጁን አታስቀምጪው፤ የነገርኩሽ ባዶ ቤት እንዳይሆንበት። አንቺም ስልክ ይዘሽ እሱን «ተው» አትበዪው። ልጅ የሚያየውን እንጂ የሚባለውን አይሰማም። ከቅዳሴ በኋላ እጁን ይዘሽ ግቢውን ዙሪ፤ የሚፈልገው ነገር ስጪው። ወይራ የትኛው ነው? ቅጠሏ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ጠንከር ያለ ጠባብ ቅጠል ነው። ካገኘው በኋላ እዚያው ሥሩ ተቀምጣችሁ የኖኅን ታሪክ ንገሪው። ርግቧ በአፏ ይዛ የመጣችው ይህንን ነበር በዪው። ከዚያ የወደቀ ቅጠል ካለ አንሥቶ ቤት ይውሰድ፤ ከዛፉ ላይ ግን አይቅጠፍ። በሚቀጥለው እሑድ ጽዱን ይፈልጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።