መልስ፦ የካቶሊክ እምነትን ለማወቅ በየትኛው ፊልም ልጀምር?
ፊልም ይሻላል ወይስ ዶክመንተሪ ላልከው፣ እኔ ብሆን በዶክመንተሪ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን «ወደ ታላቁ ጸጥታ» (Into Great Silence) ፈልገህ እየው። ዳይሬክተሩ በፈረንሳይ ተራሮች ያለውን የካርቱዚያን (በጸጥታና በብቸኝነት የሚኖሩ የካቶሊክ መነኮሳት) ገዳም ለመቅረጽ በ1984 ጠይቆ፣ ፈቃድ ያገኘው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ተራኪ የለውም። አንድ መነኩሴ ተንበርክኮ ይጸልያል፣ ውጭ በረዶ ይወርዳል፣ ደወል ይሰማል፤ በቃ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሆነ ግን ደክሞህ አትክፈተው። እኔን መሃል ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል!

ከልብ ወለዶቹ፣ ቫቲካን በ1995 የሲኒማን መቶኛ ዓመት አስመልክታ ያወጣችውን የ45 ፊልሞች ዝርዝር ተመልከት። የእንግሊዛዊው የካቶሊክ ሰማዕት የቶማስ ሞር ታሪክ የተሠራበት የ1966ቱ ፊልም (A Man for All Seasons) እዚያ ውስጥ አለ። ሰዎቹ በፊልሙ የሚናገሩት ግን ደራሲው የጻፈው መሆኑን አትርሳ። ስለ ትምህርቱ ጥያቄ ከተፈጠረብህ ካቴኪዝሙን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኒቱን የእምነት ትምህርት መጽሐፍ፣ ግለጥ።