ውሃውን ከምንጩ ቅዱት፦ ለኬሚስትሪ ተማሪ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው ብዙም ሳልርቅ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቀረበችኝና «ጋሼ፣ ከባሕር ውሃ ዩራኒየም ስለሚለቅሙ ፖሊመሮች ላጥና ብል ጓደኞቼ ‹ባሕር በሌለው አገር ምን ይረባሻል?› አሉኝ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን በውሃ ምርመራ ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ በቆመችበት ልመልስላት አልፈለግሁም፤ አስቤበት ልጽፍላት ቃል ገባሁ። ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልመሰለኝ ለሁላችሁም ጻፍሁት።

በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ዩራኒየም 3.3 ማይክሮግራም ያህል ነው። በየግቢያችን ያለውን 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በባሕር ውሃ ብንሞላው የምናገኘው 16 ሚሊግራም ተኩል ገደማ ነው፤ አንድ ግራም ለማግኘት፣ ያውም ምንም ሳያመልጠን፣ 60 ሮቶ ያህል ያስፈልገናል። የውቅያኖሶች ሁሉ ድምር ግን ወደ 4.5 ቢሊዮን ቶን ስለሚገመት፣ ዩራኒየምም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነዳጅ ስለሆነ፣ ነገሩ ተመራማሪዎችን ሲያጓጓ ኖሯል። ያን ሁሉ ውሃ በፓምፕ መግፋት ብዙ ኃይል ስለሚበላ፣ ዩራኒየሙን የሚለቅመውን የፖሊመር ቃጫ ወደ ባሕሩ ወስዶ ማዕበሉና የውሃው ፍሰት እንዲያጥቡት መተው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ቃጫው የሚዘጋጅበት መንገድ ለእኔ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነው። የፖሊኢትሊን ቃጫ በኤሌክትሮን ጨረር ሲመታ በሞለኪውሉ ሰንሰለት ላይ ነጻ ራዲካሎች፣ ማለትም ከሌላ ጋር ለመጣመር የሚቸኩሉ ቦታዎች፣ ይፈጠራሉ፤ በእነዚያ ቦታዎች አክሪሎናይትራይል እንደ ቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ቅርንጫፉ በሃይድሮክሲላሚን ሲታከም ዩራኒየምን የሚወድደው አሚዶክሲም ይሆናል። ፒያሳ ሱቆች ውስጥ ተጠቅልሎ የሚሸጠው የአክሪሊክ ሹራብ ክርም የዚሁ ናይትራይል ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ 5 ግራም የዩራኒየም ዱቄት ከባሕር ውሃ የተገኘው እንዲህ ያለውን ተራ ክር መነሻ አድርጎ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ጃፓኖች በአኦሞሪ ባሕር ዳርቻ 350 ኪሎ ግራም የሚመዝን ለቃሚ ጨርቅ በድምሩ ለ240 ቀናት ውሃ ውስጥ አቆይተው ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ዩራኒየም አውጥተዋል። ዋጋው ግን ዛሬም ከማዕድን ጉድጓድ ከሚወጣው ይበልጣል።

ዋጋው ለምን እንደሚበልጥ የገባኝ በራሴ ስሕተት ነው። በወጣትነቴ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ ከጉድጓድ ውሃ በአሉሚና (በአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እንዴት እንደሚወገድ እንዳጠና ተመድቤ ነበር። ሶዲየም ፍሎራይድ በተጣራ ውሃ በጠብጬ በአሉሚናው ውስጥ ባሳልፈው ውጤቱ ግሩም ሆነ፤ ሪፖርቴንም በደስታ አስረከብሁ። ከዚያም ዝዋይ አካባቢ ባለ አንድ ጉድጓድ ላይ አሉሚና የሞላንበትን በርሜል ተከልን። ገና ሳምንት ሳይሞላ ፍሎራይዱ እንደነበረ ማለፍ ጀመረ። ጥርሳቸው በቡናማ መስመር የተበላሸ ልጆች ከበርሜሉ እየቀዱ ሲጠጡ አይቻለሁና ያን ቀን አልረሳውም። የስምጥ ሸለቆው ውሃ አልካላይን ነው፤ ባይካርቦኔትም በብዛት ይዟል፤ አሉሚናው ላይ ከፍሎራይዱ ጋር ቦታ ይሻማል። እኔ በብልቃጤ ውስጥ ያንን ተሻሚ አልጨመርሁትም ነበር።

የባሕሩም ነገር ከዚህ አይርቅም። ፒኤቹ 8 አካባቢ በሆነው ውሃ ውስጥ ዩራኒየም ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ሦስት ካርቦኔቶች ከብበውት፣ ብዙ ጊዜም ካልሲየም ታክሎበት ነው የሚሄደው። አሚዶክሲሙ ከዚያ እቅፍ ነጥቆ መውሰድ ስላለበት ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ሶዲየሙ በክብደት ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ግን ቫናዲየም የተባለውን ብረት ነው፤ በመጠን ከዩራኒየም ባይበልጥም ቃጫው ላይ አጥብቆ ይጣበቃል፣ እሱን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ጠንካራ አሲድም ቃጫውን ራሱን ይጎዳዋል። አልጌና ሌላ የባሕር ፍጥረት ሲለብሰውም የሚይዘው መጠን ይቀንሳል። ቃጫው የያዘውን እንዲለቅ በአሲድ በታጠበ ቁጥር ከአቅሙ የሚያጣ ከሆነ ወጪው የሚከፋፈልበት ዙር ያንሳል፤ ዋጋውን የሚወስነው በዋናነት ይህ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አንድ ቃጫ በተጣራ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ሚሊግራም ያዘ የሚል ሠንጠረዥ ስታነብቡ፣ ውሃው ከየት እንደ መጣ፣ ቫናዲየሙ ስንት እንደ ነበር፣ ቃጫው ስንት ጊዜ ታጥቦ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ ጠይቁ። መልሱ ከሌለ ቁጥሩን በማስታወሻችሁ ላይ በእርሳስ እንጂ በብዕር አትጻፉት።

ለጠየቀችኝ ልጅም መልሴ ጥናቱን ያዢው የሚል ነው። ከባሕሩ ሥራ የምትማረው ስለ ተሻሚዎች፣ ስለ ማስለቀቅና ስለ መልሶ መጠቀም ነው፤ ይህም ለዝዋይ ጉድጓድ የሚያስፈልገን ዕውቀት ነው። የባሕር ውሃም ቢሆን የማይደረስበት አይደለም፤ ወደ ጅቡቲ በየቀኑ የሚመላለሱ ሹፌሮች አሉ። ከአንዳቸው ጋር 20 ሊትር ጀሪካን ስትልኪ፣ ከመሙላቱ በፊት በዚያው በባሕሩ ውሃ ሦስት ጊዜ እንዲያለቀልቀው፣ አየር እንዳይቀርበትም እስከ አፉ እንዲሞላው አደራ በዪው። የተቀዳበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት በጀሪካኑ ገላ ላይ ይጻፍልሽ፤ ክዳን ከክዳን ይለዋወጣል።